ቤት ተቀምጠው መንገድ ሲናፍቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እግሬ ተሰብሮ ሁለት ወር ተኩል ከቤት በዋልኩበት ጊዜ፣ አልጋዬ ፊት ለፊት የቆመው ሻንጣ ሆድ ያስብሰኝ ነበር። ሕመም፣ ማስታመም ወይም የገንዘብ እጥረት ከቤት ያዋለው ሰው ይህን ናፍቆት ያውቀዋል። ናፍቆቱ ብዙ የሚሰጥ ነገር አለው፤ የሚያመክኑት ስህተቶች ግን አሉ።

የሰው ፎቶ ሲያገላብጡ መዋል

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። አሁን ግን ያላየነው አገር ሁሉ በስልካችን እየመጣ ያስናፍቀናል። በአንድ ሰዓት መቶ ቦታ አይቶ አንዱንም አለማስታወስ ይቻላል፤ የሚተርፈው ቁጭት ነው። ይልቅ አንድ ፎቶ ይምረጡና ግማሽ ሰዓት ይስጡት። ጥላው ወዴት ወደቀ? የበሩ ቀለም የተላጠው በየት በኩል ነው? ልብሱን ያሰጣው ሰው የት ሄደ? እኔ ከአንዲት የወደብ ፎቶ ተነሥቼ ምሽቱን ሙሉ ስጽፍ አምሽቻለሁ።

ጉዞን በኪሎ ሜትር መለካት

ሰው በእንግዳ አገር የሚነቃቃው ርቆ ስለሄደ ብቻ አይመስለኝም። መንገዱን ስለማያውቅ ምልክት ይይዛል፤ ቋንቋውን ስለማይሰማ ፊት ያነባል። ቤቱ ሲመለስ ግን ወንበሩን ሳያየው ይቀመጥበታል። የጦር መኮንንና ጸሐፊ የነበረው ዣቪዬ ደ ሜስትር እ.ኤ.አ. በ1790 በኢጣሊያ ቱሪን ከተማ ከሌላ ሰው ጋር ለአንድ ለአንድ በመሣሪያ በመፋለሙ ምክንያት ለ42 ቀናት ከክፍሉ እንዳይወጣ ሲቀጣ፣ ከአልጋው እስከ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እስከ ግድግዳው ሥዕሎች ያለውን መንገድ እንደ ሩቅ አገር ጉዞ አድርጎ መጽሐፍ ጽፎበታል።

እኔም አንድ ጠዋት በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ያረፈውን የፀሐይ ብርሃን ጠርዙን በእርሳስ አሰመርኩት። አንድ ሰዓት ቆይቼ ስመለከት ብርሃኑ ከመስመሩ ርቆ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ነክቷል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ የተጓዝነው ግድግዳው፣ አልጋውና እኔ ነበርን። ያን ቀን እንደ ታሰርኩ አልተሰማኝም።

ያለፈውን ጉዞ እንዳበቃ መቁጠር

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው እላለሁ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1831 በቢግል መርከብ ሄዶ በ1836 ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ከብሪታንያ አልወጣም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች የቆየው አምስት ሳምንት ያህል ነው። የሰበሰባቸው ወፎች ምን እንደሚነግሩት እዚያ ሳለ አልገባውም፤ የትኛው ከየትኛው ደሴት እንደ ተያዘ እንኳ በሚገባ አልመዘገበም። አገሩ ከገባ በኋላ ነው የወፍ ሊቁ ጆን ጉልድ መርምሮ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን የነገረው። ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው ታላቁ መጽሐፉ የወጣው ደግሞ በ1859 ነው። አምስት ዓመት ተጓዘ፤ ሃያ ሦስት ዓመት አሰበበት።

እርስዎም የድሮ ልብስዎን ኪስ ይፈትሹ። እኔ ስምንት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ወደ ማረፊያዬ የሚወስደውን መንገድ የሣሉልኝ ነው፤ ድልድዩን በሁለት መስመር፣ ዛፉን በክብ። ያኔ ስለ ቸኮልኩ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ወረቀቱን ስዘረጋው ግን ሲሥሉ የተንቀጠቀጠው ጣታቸው ትዝ አለኝ።

ሁሉንም አገር በአንዴ መመኘት

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት ከተወለደባት ከኮኒግስበርግ ከተማ (የዛሬዋ ካሊኒንግራድ) ርቆ ሳይሄድ አርባ ዓመት ያህል ጂኦግራፊ አስተምሯል፤ የተጓዦችን ዘገባ በትጋት ያነብ ነበርና። አንድ ወንዝ ይበቃል። ዳኑብን ከጀርመን ጥቁር ደን ተነሥተው እስከ ጥቁር ባሕር በጣትዎ ይከተሉት፤ ቪየናን፣ ብራቲስላቫን፣ ቡዳፔስትንና ቤልግሬድን ያቋርጣል። በየቀኑ አንድ ከተማ ላይ ይደሩ።

መልካሙን ብቻ ማስታወስም ስህተት ነው። ያመለጠዎትን አውቶቡስና ማረፊያ ያጡበትን ሌሊት አብረው ይጻፉ፤ አለዚያ ትዝታው ፖስትካርድ ይሆናል።

አጠገብ ያለውን መንገደኛ አለመጠየቅ

ስታስታምመኝ የነበረችው እናቴ ናት። አንድ ማታ በልጅነቷ በእግሯ የሄደችው ሩቁ ቦታ የት እንደ ሆነ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየችና በጨለማ ወንዝ የተሻገሩበትን ሌሊት አወራችልኝ፦ ውኃው ደረቷ ላይ ሲደርስ የአባቷን ቀበቶ በሁለት እጇ እንደ ጨበጠች፣ እሳቸውም ወደ ኋላ ሳይዞሩ «አለሽ?» እያሉ እንደ ጠየቋት። ስትነግረኝ ሁለት እጇ እንደ ተጨበጠ ነበር።