ቀለም ፍለጋ ስትወጡ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ለሠዓሊም ለዲዛይነርም ማንም ያልጠበቀው ቦታ ገብቶ ቀለም መልቀም ትልቅ ሀብት ነው። ብዙዎቻችን ግን ቦታውን እናገኝና ቀለሙን ሳንይዝ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው ስህተት የሚያምር ነገር ብቻ መፈለግ ነው። የጀንበር መጥለቅ፣ አደይ አበባ፣ የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ፣ እነዚህ ሁሉ ውብ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ግን ሠርቶባቸዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ግቡ። የተቆራረጠ በርሜል ላይ ሰማያዊው ቀለም ተልጦ ከሥሩ ነጭ፣ ከነጩ ሥር ደግሞ ብርቱካናማ ዝገት ብቅ ሲል ታያላችሁ። ሦስቱን ያስማማቸው ፀሐይና ዝናብ ነው። ቁጭ ብላችሁ ብታስቡ የማይመጣላችሁ ጥምረት የሚገኘው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ስልክን ማመን ከሁሉም የከፋ ስህተት ይመስለኛል። በርበሬ በረንዳ ሄዳችሁ ነጋዴዋን አስፈቅዱና የተከመረውን ዛላ በርበሬ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ከሆነ ካሜራው ብርሃኑ ራሱ የቀላ ይመስለውና ቀዩን ሊቀንሰው ይችላል፤ ወይም ከልክ በላይ ያደምቀውና የዛላው እጥፋት ሁሉ ጠፍቶ አንድ ወጥ ቀይ ይሆናል። አሁን ስልኩን አስቀምጣችሁ በዓይናችሁ እዩት። ፀሐይ ያረፈበት ጀርባው ወደ ብርቱካን ይሄዳል። እጥፋቱ ውስጥ ያለው ጠቁሮ ቡናማ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሲቀነጠስ የሚጣለው ጫፉ ደግሞ የገለባ መልክ አለው። ፎቶውን ለማስታወሻ ያህል ያዙት፤ ነጭ ወረቀት ከጎኑ አድርጋችሁ ብታነሱ በኋላ ለማስተካከል ይረዳችኋል። ቀለሙን ግን እዚያው ቆማችሁ በባለቀለም እርሳስ ወይም በውሃ ቀለም ወረቀት ላይ አሳርፉት። ከፎቶው ላይ አንድ ነጥብ መርጦ «የበርበሬ ቀለም ይህ ነው» ማለትም ያው ስህተት ነው፤ ቢያንስ ብርሃን ያረፈበትን፣ መካከለኛውንና ጥላውን ለየብቻ ውሰዱ።

መጠንን መርሳትም አለ። ቀለሞቹን ለቅመን አምስት እኩል ካሬ ውስጥ እንደረድርና ያየነው ነገር የት እንደገባ ይጠፋናል። የሐበሻ ቀሚስን አስተውሉ፤ ነጩ ሰፊ ስለሆነ ነው ቀጭኑ ጥለት እንዲያ የሚናገረው። ያንኑ ነጭ፣ ቀይና ወርቃማ እኩል ብታካፍሉት ባንዲራ ይመስላል። ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ ከአሥር እጅ ስንቱ ሰማያዊ፣ ስንቱ ዝገት እንደሆነ ጻፉ።

ቀለምን ከጎረቤቱ መነጠል ደግሞ ነባር ሠራተኞችንም ያሳስታል። ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ሥራ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ለነበረው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ቅሬታ ይቀርብለት ነበር። ቢመረምረው ማቅለሚያው እንከን የለበትም፤ ጥቁሩን ያደከሙት ከጎኑ የተሸመኑት ሰማያዊና ሐምራዊ ክሮች ነበሩ። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመው። የበርሜሉ ዝገትም እንደዚያው ነው፤ ብርቱካኑ የሚነድደው ሰማያዊው አጠገቡ ስላለ ነው። ብቻውን ወስዳችሁ ክሬም መደብ ላይ ብታስቀምጡት ተራ ቡናማ ይሆንባችኋል። ሁልጊዜ ጥንድ ጥንዱን ውሰዱ።

ብርሃንና ጨለማውን አለመፈተሽ ቀላል ግን ውድ ስህተት ነው። ሥራችሁን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። ሁለቱ ቀለሞች አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ አንዱን በሌላው ላይ ጽሑፍ አታድርጉ፤ በተለይ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አያነቡትም። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ የሚጠይቀው በጽሑፉና በመደቡ መካከል ያለ የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ነው።

ለኅትመት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑን ብቻ አይታችሁ አትጨርሱ። ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ ቤት በቀለም ስለሚሠሩ ደማቅ አረንጓዴና ቱርኩዋዝ ወረቀት ላይ ይደበዝዛሉ። ደንበኛው ከማጽደቁ በፊት በዚያው በሚታተምበት ወረቀት አንድ ናሙና አሳትማችሁ ቀን ብርሃን ላይ አብራችሁ እዩት።