ክረምት ሳይገባ፦ ከባዶ ቤት ጋር ግድግዳ ለምትጋሩ

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ አሮጌ ሰፈር ነው። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ከሆንኩ 19 ዓመት አለፈኝ። በአንድ የነሐሴ ሌሊት ሰው የወጣበት ቤት ተደርምሶ ጎረቤቴን ሊገድላት ነበር። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ ብቻዋን የምትኖር እናት ናት። የአልጋዋ ራስጌና የባዶው ቤት ጀርባ አንድ ግድግዳ ነው። አብሲት ልትጥል ተነሥታ ማድቤት ስለነበረች ተረፈች። ከአልጋዋ ላይ ያወጣነው ጭቃ 11 ባሬላ ሆነ። ስንጥቁን እኔ በየቀኑ ሳልፍ አየው ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት ጽፈን መልስ አላገኘንም፤ መልስ ስንጠብቅ ደግሞ በእጃችን ልናደርገው የምንችለውን ሳናደርግ ቀረን። የምጽፈው ያን ነው።

አስቀድማችሁ አንድ ነገር ተገንዘቡ። ባዶ ቤት አጠገብ ኪራይ ይረክሳል፤ ስለዚህ አጠገቡ የሚሰፍረው ሌላ ቦታ ለመክፈል አቅም ያጣ ሰው ነው። አረጋዊት፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ከገጠር ለቀን ሥራ የመጣ ወጣት። ቤቱ ሲወድቅ የሚወድቀው በእነርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከቤቱ በፊት ሰዎቹን መዝግቡ። እኔ በአንድ ደብተር በየባዶው ቤት ዙሪያ ማን እንደሚኖር፣ ራስጌው በየት በኩል እንደሆነ፣ ሌሊት ብንቀሰቅሰው ብቻውን መውጣት ይችል እንደሆነ እጽፋለሁ። ራስጌን መጠየቅ ያሳፍር ይሆናል፤ ጠይቁ። ግድግዳው እስኪጠገን አልጋን ወደ ሌላው ጥግ መግፋት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ፍተሻው በግንቦት ይሁን። ከተማችን በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ሐምሌ ከገባ በኋላ ጭቃ ቤት መጠገን ዘበት ነው።

አባቴ ጭቃ ቤት ሠሪ ነበር፤ ግድግዳን የሚመረምረው በጆሮው ነው። ቀጭን ዱላ ይዞ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ያንኳኳል። ደህና ግድግዳ ድምፁ ድፍን ነው። ምርጉ ከማገሩ ከተላቀቀ ወይም ምስጥ ውስጡን ከበላው እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል። እናንተም እንዲሁ አንኳኩ፤ የጮኸበትን ቦታ በከሰል ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ወደ ምሰሶው እግር ጎንበስ በሉ። እርሳስ የሚያህል የአፈር መስመር እንጨቱን ይዞ ወደ ላይ ከወጣ የምስጥ መንገድ ነው፤ በጥፍራችሁ ስትፍቁት ነጫጭ ምስጦች ከተራወጡ አሁንም እየበሉ ናቸው።

ስንጥቅ ካለ፣ የቆየ ይሁን እየሰፋ ያለ በዓይን አይለይም። አንድ ማንኪያ ጄሶ በውኃ ለውሱና ስንጥቁን አቋርጦ እንዲይዝ አድርጋችሁ ለጥፉበት፤ ሲደርቅ ቀኑን ጻፉበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው። ግድግዳው አዘንብሎ እንደሆነም ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ክር ላይ የታሰረ ድንጋይ ብታንጠለጥሉ፣ ግንበኞች ቱምቢ የሚሉት ነው፣ ወዲያው ይታያል። እየሄደ ላለ ግድግዳ ልስን አትጨምሩበት፤ ክብደት መጨመር ነው። በወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ በሰያፍ አስደግፉት፤ የግንዱም እግር እንዳይንሸራተት መሬት ቆፍራችሁ ቅበሩት። ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈርና ፍርስራሽ ካለ አንሡ፤ እርጥበት ይዞ የሚያበሰብሰው እሱ ነው። የተቀደደ አሸንዳም ውኃውን በአንድ ቦታ ላይ ስለሚያፈስ አስተካክሉት፤ ውኃው ወደ መንገዱ ቦይ የሚወርድበትን መስመር ቆፍሩለት።

ከግድግዳው ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጉድጓድ ነው። በሰፈራችን የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለሆነ በየግቢው በእጅ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ አለ። ባለቤቱ ሲሄድ የእንጨት ክዳኑ ይበሰብሳል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ ኳስ የሚያባርር ልጅ አያየውም። በእንጨት ላይ ቆርቆሮ ጥሎ መሸፈን ከመክፈትም የባሰ ነው፤ ደህና ስለሚመስል ሰው ይረግጠዋል። ጉድጓዱን የሚከድን ፍርግርግ በ8 ሚሊ ሜትር ፌሮ አሠርታችሁ ኮንክሪት ሙሉበት። አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድም እንደዚሁ። በግቢው የተኛ ውኃም ይደፈን፤ መስከረም ሲገባ የወባ ትንኝ የሚፈለፈለው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ። ባዶ የተባለ ቤት ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም። በር ላይ ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ማን እንደሚያድርበት እወቁ። ማታ፣ በባትሪ፣ ጎረምሶች አስከትሎ መግባት ፍርሃትንና ጠብን ይጠራል። እኔ የሄድኩት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ከአንዲት ትልቅ ሴት ጋር፣ ትኩስ ዳቦ ይዤ ነው። ደጃፉ ላይ ሁለት ጥንድ የላስቲክ ጫማ ጎን ለጎን ተደርድሯል፤ የአንዱ ማሰሪያ በሽቦ ተጠግኗል። ውስጥ ሁለት ሊስትሮ ልጆች የጫማ ሳጥናቸውን ተንተርሰው ተኝተዋል። የተኙት አባቴ ቢያንኳኳው በሚጮኸው ግድግዳ ሥር ነበር። «ልጆቼ፣ አትደንግጡ፤ ልናስወጣችሁ አይደለም፣ ይህ ግድግዳ ይወድቃል» አልኳቸው። ትልቁ፣ «እማማ፣ ታዲያ የት እንሂድ?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳትይዙ አትሂዱ። እኛ በዚያው ሳምንት የዕድሩን የድንኳን ማስቀመጫ አንዱን ጥግ ሰጠናቸው፤ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ልጆችን ብቻቸውን ወደ ቢሮ አትላኩ፤ ከበር ይመለሳሉ።

ባለቤቱን መፈለግ የሚጀምረው ቤቱ የቀበሌ ይሁን የግል ከመለየት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ገቡ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ጥያቄያችሁ ወደ ቀበሌው ነው፤ ተከራዩ ያለ ፈቃድ ለመንካት ስለሚፈራ ቤቱ በዝምታ ይበሰብሳል። የግል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያልተከፋፈለ ውርስ ነው። ወራሾቹ ተኳርፈው፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ውጭ አገር ይሆናል። የማን ድርሻ ትክክል እንደሆነ አትፍረዱ፤ ለሁሉም የስንጥቁን ፎቶግራፍ ከነቀኑ ላኩና የምትጠይቁት ለጊዜያዊ ድጋፍ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ እንደሆነ ንገሯቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2077 ሕንጻው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ እንደሚያደርግም በጨዋ ቋንቋ ጻፉላቸው። ለወራት ዝም ያለ ወራሽ ይህን ሲያነብ ስልክ ይደውላል። ወደ ቢሮ የምትወስዱትን ደብዳቤ ሁሉ በሁለት ቅጂ አድርጉ፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳታስመቱ አትውጡ። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ማኅተም አልነበረውም።

«ሰፈሩ ሊፈርስ ነው» የሚል ወሬ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም እጁን ይሰበስባል። አትሰብስቡ። ወሬውና ማፍረሱ መካከል ብዙ ክረምት ሊያልፍ ይችላል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በዕድራችን «ዕድር ለቀብር ነው» ያሉ አባቶች ነበሩ፤ እውነት አላቸው፣ መተዳደሪያ ደንቡም እንደዚያ ይላል። እኔ ያልኩት፣ ያ ግድግዳ ሰው ቢገድል ድንኳኑን የምንተክለው እኛው ነን ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ ከወር መዋጮው ጥቂት ብር ለዚህ ተለየ። ግንድ፣ ፌሮና ሲሚንቶ የገዛነው በእሱ ነው፤ ጉልበቱን ወጣቶቹ ሰጡ።

የጎረቤቴ ግድግዳ አሁን በብሎኬት ተሠርቷል። በማዶ በኩል ያለው ቤት ግን እንደተዘጋ ነው። ባለፈው ግንቦት 3 ጄሶ ለጥፌበታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እንጀራ ልገዛ ስሄድ አየዋለሁ።