የፈረንሳይኛ ግሦችን በሱብዦንክቲፍ አምፓርፌ ማርባት

አማርኛ ተናጋሪ ስለ አንዲት ሴት «እንድትመጣ ይፈልጋል» ቢልም፣ «እንድትመጣ ይፈልግ ነበር» ቢልም «እንድትመጣ» የሚለው ቃል አይለወጥም፤ ዋናው ግስ ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲሄድ ጥገኛው ባለበት ይቆያል። ሥርዓቱን የጠበቀ የጽሑፍ ፈረንሳይኛ ግን ጥገኛው ግስ ዋናውን ተከትሎ ወደ ኋላ እንዲመለስ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ቪየን» የነበረው ግስ በሁለተኛው «ቫን» ይሆናል፤ ይህም ቅርጽ ሱብዦንክቲፍ አምፓርፌ ይባላል። ዛሬ በንግግር የሚጠቀምበት ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል፤ በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የሰዋስው ድንጋጌም በፈተና ላይ በምትኩ ሱብዦንክቲፍ ፕሬዛን፣ ማለትም እንደ «ቪየን» ያለውን የአሁን ጊዜ ቅርጽ፣ የጻፈ ተማሪ ስሕተት እንዳይቆጠርበት ፈቅዷል። ይሁን እንጂ የ17ኛውን፣ የ18ኛውንና የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ጽሑፍ በገዛ ቋንቋው ለማንበብ የሚሻ ሰው ይህን ቅርጽ በየገጹ ስለሚያገኘው ቢማረው ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

ከዚህ በታች የላቲን ፊደላትን የምጠራው በፈረንሳይኛ ስማቸው ነው፤ አናባቢዎቹን አ፣ ኧ፣ ኢ፣ ዩ፣ ተነባቢዎቹን ደግሞ ኤስ፣ ቴ፣ ኤን፣ ዜድ እላለሁ።

የሥራው ሁሉ መነሻ ፓሴ ሳምፕል የሚባለው የኃላፊ ጊዜ ነው። እርሱን ያላወቀ ሰው ሱብዦንክቲፍ አምፓርፌን በሽምደዳ ብቻ ይዞ ሊዘልቅ አይችልም፤ እርሱን ያወቀ ግን አዲስ የሚማረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ግሡን በፓሴ ሳምፕል ለ«አንተ» ወይም ለ«አንቺ» ያርቡት። የሚያገኙት ቃል ምንጊዜም በኤስ ያልቃል። በዚያ ላይ ኤስንና ኧን ሲጨምሩ የ«እኔ» ቅርጽ ይወጣል። «ፓርሌ» ማለትም «መናገር» በ«አንተ» በአ እና በኤስ ስለሚጨርስ የ«እኔ» ቅርጹ «ፓርላስ» ይሆናል። ለ«አንተ» በዚሁ ላይ አንድ ኤስ ይታከላል። ለ«እኛ» ከሁለቱ ኤሶች በኋላ ኢ-ኦ-ኤን-ኤስ፣ ለ«እናንተ» ኢ-ኧ-ዜድ፣ ለ«እነሱ» ደግሞ ኧ-ኤን-ቴ ይጻፋል፤ ሲነበቡም «ፓርላስዮን»፣ «ፓርላስዬ»፣ «ፓርላስ» ይባላሉ። ይህ ደንብ አፈንጋጭ ግስ የለውም።

ሁለቱን ኤሶች በተመለከተ አማርኛ ተናጋሪ ሊጠነቀቅ ይገባል። እኛ ጥብቀትን በአፋችን እናሰማለን እንጂ በፊደል አንጽፈውም፤ በፈረንሳይኛ ግን እዚህ ላይ ነገሩ ተገላብጦ ፊደሉ ሲደገም ድምፁ አይጠብቅም። ኤስ የተደገመው በሁለት አናባቢዎች መካከል ብቻውን ቢቆም እንደ «ዝ» ስለሚነበብ ነው። ስለዚህ አንዱን ኤስ የዘነጋ ሰው የቃሉን ንባብ ጭምር ይለውጣል።

ከስድስቱ የተለየው የ«እሱ» እና የ«እሷ» ቅርጽ ነው። የ«አንተ»ን የመጨረሻ ኤስ ያስወግዱ፣ በአናባቢው ራስ ላይ ሲርኮንፍሌክስ የተባለውን ቆብ መሰል ምልክት ያድርጉ፣ መጨረሻ ላይ ቴን ይጻፉ። ይህ ቆብ በጥንቱ ፈረንሳይኛ በዚያው ቦታ ይጻፍ የነበረውን ኤስ የሚተካ ነው። እ.ኤ.አ. የ1990 የአጻጻፍ ማሻሻያ ቆቡን ከኢና ከዩ ላይ በብዙ ቃላት እንዲቀር ሲፈቅድ በዚህ የግስ ቅርጽ ላይ ግን እንዲጠበቅ አድርጓል። «አይር» ማለትም «መጥላት» ግን በኢው ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች ይዞ ስለሚቀር ቆብ አይደረግበትም።

አናባቢውን የሚወስነው ፓሴ ሳምፕል ነው። በኧ-ኤር የሚያልቁት ግሦች አን ይይዛሉ፤ እንደ «ፊኒር» እና «ራንድር» ያሉት ኢን ይይዛሉ። «ኤትር» ማለትም «መሆን»፣ «አቯር» ማለትም «ያለው መሆን»፣ «ሳቯር»፣ «ፑቯር»፣ «ደቯር»፣ «ቪቭር» እና «ሙሪር» በዩ ይሄዳሉ። «ቯር» ማለትም «ማየት» እንደ «ሳቯር» በዩ የሚሄድ ይመስላል፤ የሚይዘው ግን ኢን ነው፣ «ፌር»ም እንዲሁ። «ቨኒር»፣ «ተኒር» እና ከእነርሱ የተወለዱት ከኢ በኋላ ኤንን ስለሚያስከትሉ የ«እኔ» ቅርጻቸው «ቫንስ»፣ «ታንስ» ይሆናል። በ«ፊኒር» ላይ ደግሞ ከ«እሱ» በቀር አምስቱ ቅርጾች ከሱብዦንክቲፍ ፕሬዛን ጋር ፍጹም አንድ ናቸው።

እኔ በበኩሌ ተማሪ ለስድስቱ ቅርጾች እኩል ጊዜ እንዲሰጥ አልመክርም። «ፓርላስዮን»ን የመሳሰሉት ለፈረንሳዮቹም ጆሮ ስለሚከብዱ ብዙ ጸሐፊዎች ይሸሿቸዋል፤ በንባብ ደጋግመው የሚያጋጥሙት የ«እሱ» እና የ«እነሱ» ቅርጾች ናቸው። ጊዜዎን በተለይ ለ«እሱ» ይስጡ፤ ምክንያቱም «ፊዩ» ተብሎ የሚነበበው የ«ኤትር» ቅርጽ ቆብ ከሌለው ፓሴ ሳምፕል፣ ቆብ ካለው ሱብዦንክቲፍ ነው፤ ጆሮ አይለያቸውም። ሲጠራጠሩ ቃሉን ወደ አማርኛ ይመልሱት፦ «ሆነ» ወይም «ነበረ» ካሉት ቆብ የለውም፤ «እንዲሆን»፣ «ቢሆን» ወይም «ሳይሆን» ካሉት ቆብ አለው። ይህ መፈተኛ ካላረካዎ ባለቤቱን ወደ ብዙ ቁጥር ይለውጡት፤ «ፊዩር» ከመጣ ቆብ አይገባም፣ «ፊዩስ» ከመጣ ይገባል። «አቫን ክ» («ከ… በፊት»)፣ «ቢያን ክ» («ምንም እንኳ») እና «ፑር ክ» («እንዲ…») ሱብዦንክቲፍን ይጠራሉ፤ «አፕሬ ክ» («ከ… በኋላ») ግን የተፈጸመን ነገር ስለሚናገር አይጠራም። ከእርሱ በኋላ በ«ፊዩ» ላይ ቆብ መድፋት በታተመ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ የሚታይ ስሕተት ነው።

ቆብ ያለው «ፊዩ» ወይም የ«አቯር» ቅርጽ የሆነው «ዩ» ሌላ ግስ አስከትሎ ሲመጣ ሱብዦንክቲፍ ፕሊዩስ-ክ-ፓርፌ የሚባለው ነው። ጥገኛ ባልሆነ ሐረግ ውስጥም ብቻውን ሊቆም ስለሚችል አንባቢን ያደናግራል። እንዲህ ባለ ቦታ «ዩ ፓርሌ» የሚለውን «በተናገረ ነበር» ብለው ያንብቡት።