ሃክአርኤፍ ዋን አልነሳ ሲል፦ ፈርምዌሩን መመርመር፣ ማዳንና ማስተካከል

ሃክአርኤፍ ዋን የተባለው የሶፍትዌር ራዲዮ ቦርድ (ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ የራዲዮ ምልክት የሚቀበልና የሚያሰራጭ) በተበላሸ ፈርምዌር፣ ማለትም ቦርዱን በሚያስኬደው ውስጣዊ ፕሮግራም ብቻ አይሞትም። ውስጡ ያለው ኤልፒሲ4320 ማይክሮኮንትሮለር የራሱ ፍላሽ ሜሞሪ የለውም፤ ፈርምዌሩ የሚቀመጠው አጠገቡ ባለች የ1 ሜጋባይት ኤስፒአይ ፍላሽ ቺፕ ላይ ነው። ኃይል ሲያገኝ ግን አስቀድሞ የሚሠራው ከፋብሪካው ሲሊኮኑ ላይ ተቀርጾ የመጣ የማስነሻ ኮድ ነው። ያንን ኮድ እናንተም ሆናችሁ መብራት ኃይል ልታጠፉት አትችሉም። ፍላሹ ላይ ያለው ምንም ያህል ቢበላሽ፣ በዚህ የማስነሻ ኮድ በኩል ገብቶ አዲስ መጫን ይቻላል።

ከዚህ በታች የትእዛዝ ስሞች የተጻፉት በሚነበቡበት ድምፅ ነው። በስማቸው መሐል ያለው ክፍት ቦታ ተርሚናል ላይ የታች ሰረዝ ይሆናል።

መጀመሪያ ኤልኢዲዎቹን አንብቡ

ቦርዱ ጤነኛ ሲሆን ዩኤስቢ እንደተሰካ አራት ኤልኢዲዎች ይበራሉ፦ 3ቪ3፣ 1ቪ8፣ አርኤፍ እና ዩኤስቢ። 3ቪ3 የሚናገረው ዋናው የኃይል ዑደት መሥራቱን ብቻ ነው። 1ቪ8 እና አርኤፍ የሚበሩት ፈርምዌሩ ተነሥቶ የቀሩትን የኃይል መስመሮች ሲከፍት ነው። ዩኤስቢ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር መነጋገር መጀመሩን ያሳያል።

ስለዚህ 3ቪ3 ብቻውን ከበራ ኃይል አለ፣ ፈርምዌር የለም፤ ወደ ማዳኛው ክፍል እለፉ። 3ቪ3 ራሱ ካልበራ ጉዳዩ የሶፍትዌር አይደለም፤ ገመዱን፣ የዩኤስቢ ቀዳዳውንና የኃይል ዑደቱን መርምሩ። ሦስቱ በርተው የዩኤስቢው ብቻ ከጨለመ ግን በቅድሚያ ገመዱን ቀይሩ። ለስልክ መሙያነት ብቻ የተሠሩ ማይክሮ ዩኤስቢ ገመዶች የዳታ ሽቦ የላቸውም፤ ኃይል ስለሚሰጡ ግን ሰውን ያታልላሉ።

አራቱም በርተው ራዲዮው «የማይሰማ» ከሆነስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፈርምዌር ደጋግሞ ይጽፋል። ይህ ውኃ መውቀጥ ነው። በመግቢያው ላይ ያለው የአርኤፍ (የራዲዮ ሞገድ) ማጉያ ከሚችለው በላይ ኃይል ከገባበት ይቃጠላል፤ የመግቢያው ጣሪያ −5 ዲቢኤም (የምልክት ኃይል መለኪያ) ነው። ለማጣራት የታወቀ የኤፍኤም ጣቢያ ያዙ፤ አዲስ አበባ ላይ 97.1 ወይም 102.1 ይበቃል። ማጉያውን አጥፍታችሁም አብርታችሁም ሲግናሉን አወዳድሩ። ሲበራ ወደ 11 ዲሲቤል ገደማ መጨመር አለበት። ጭራሽ ከቀነሰ ማጉያው ተቃጥሏል፤ መድኃኒቱ ቺፑን መቀየር ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ስክሪኑ መሐል ሁልጊዜ የሚቆመው ቀጭን ጉብታ ብልሽት አይደለም፤ የዚህ ዓይነት ተቀባይ ጠባይ ነው። 102.1ን ለመስማት መሐሉን 101.6 ላይ አድርጉት፣ ጣቢያው ከጉብታው ይርቃል።

ቦርዱ አለ፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም

«ሃክአርኤፍ ኢንፎ» የሚለው ትእዛዝ የቦርዱን መለያ፣ የፈርምዌሩን ቁጥርና (በአዳዲሶቹ ፈርምዌሮች) የቦርዱን እትም ያወጣል። ስህተት ቁጥር −5 ከመለሰ ቦርዱ አልተገኘም ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ትእዛዙን አንድ ጊዜ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ሞክሩት። በሱዶ ከሠራ ጉድለቱ የፈቃድ ነው፤ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣውን የዩዴቭ ደንብ ፋይል (ሊኑክስ የተሰካን ዕቃ ለማን እንደሚፈቅድ የሚወስነውን) ቦታው አስቀምጡ፣ ደንቦቹን እንደገና አስጭኑ፣ ቦርዱን ነቅላችሁ ሰኩ። በሱዶ ለዘላለም መኖር መፍትሔ አይደለም።

«ሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ከመጣ አንዱ ምክንያት ሌላ ፕሮግራም መክፈቱ ነው። ሌላው ምክንያት ስውር ነው፦ የሊኑክስ ከርነል ውስጥ «ሃክአርኤፍ» የሚባል የራሱ ድራይቨር አለ፣ ቦርዱ እንደተሰካ ይይዘዋል። መፍትሔው ያንን ሞጁል እንዳይጫን ብላክሊስት (የክልከላ ዝርዝር) ውስጥ ማስገባት ነው።

ዊንዶውስ ላይ ዛዲግ በተባለው ፕሮግራም የዊንዩኤስቢን ድራይቨር መጫን ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክል ነገር አለ፦ ቦርዱ በመደበኛ ሥራ ላይ መለያው 1ዲ50፡6089 ሲሆን በማዳኛ ሁኔታ ላይ ግን 1ኤፍሲ9፡000ሲ ነው። ለዊንዶውስ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ስለዚህ ድራይቨሩ ለየብቻ ሁለት ጊዜ መጫን አለበት።

ፖርታፓክ የተባለው ስክሪን የተገጠመለት ቦርድ ደግሞ የራሱን ፈርምዌር ነው የሚያስኬደው። ከሜኑው የሃክአርኤፍ ሁኔታን እስክትመርጡ ድረስ ኮምፒውተሩ እንደ ሃክአርኤፍ አያውቀውም፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

ማደስ

ፈርምዌሩና ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ከአንድ እትም ይሁኑ። አዲስ ፈርምዌር ከገጹ አውርዶ መሣሪያዎቹን ከሊኑክሱ ማከማቻ የሚጭን ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ልዩነት ይዞ ይቀመጣል። ስህተት −1005 ካያችሁ መሣሪያው የጠየቀውን ነገር ፈርምዌሩ አያውቀውም ማለት ነው። አር9 የሚባለው የቦርድ እትም ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል። በማክስ2837 ፈንታ ማክስ2839 ትራንሲቨር (የመቀበያና ማሰራጫ ቺፕ) አለው፣ የሰዓት ቺፑም ሌላ ነው። በመሆኑም ከ2023.01.1 በፊት የወጣ ፈርምዌር አትጫኑበት።

ከመጻፍ በፊት ያለውን ቅዱ። «ሃክአርኤፍ ኤስፒአይፍላሽ» በ«አር» አማራጭ የፍላሹን ይዘት ወደ ፋይል ያነባል፤ የሚወጣው ፋይል ልኩ 1,048,576 ባይት መሆን አለበት። ከዚያ በ«ደብሊው» አማራጭ አዲሱን ፋይል ጻፉ። ወደ ፍላሽ የሚጻፈው ሁልጊዜ በ«ቢን» የሚያልቀው ፋይል ነው። መሣሪያው ፋይሉ ለዚህ ቦርድ የተሠራ መሆኑን ያጣራል፤ አይመጥንም ካለ ያወረዳችሁትን ፋይል ተመልከቱ እንጂ ማጣሪያውን ለመዝለል አትቸኩሉ። ሲጨርስ ሪሴት ተጫኑ ወይም ነቅላችሁ ሰኩ፤ ይህ እስኪደረግ የሚሠራው የድሮው ፈርምዌር ነው።

ጽፎ ጨርሻለሁ ካለ በኋላ መልሳችሁ ስታነቡት ካልተለወጠ፣ የፍላሽ ቺፑ የሁኔታ መዝገብ መጻፍን ከልክሎ ሊሆን ይችላል። «ኤስ» አማራጭ መዝገቡን ያሳያል፣ «ሲ» ያጸዳዋል። ከዚያ እንደገና ጻፉ።

ከ2021.03.1 በፊት የነበሩ ፈርምዌሮች አንድ ተጨማሪ እርምጃ ነበራቸው፦ ናሙና በሚወስደው (የራዲዮ ምልክቱን ወደ ቁጥር በሚለውጠው) ቺፕና በማይክሮኮንትሮለሩ መሐል ያለውን ሲፒኤልዲ የተባለ አገናኝ ቺፕ በ«ሃክአርኤፍ ሲፒኤልዲጄታግ» ለብቻው መጻፍ። ከዚያ እትም ወዲህ ፈርምዌሩ ሲነሣ ራሱ ይጭነዋል። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የቆዩ መመሪያዎች ግን አሁንም ይህን ያስደርጋሉ፤ ተዉት።

ማዳን

መብራት በመሐል ቢሄድ፣ የተሳሳተ ፋይል ቢጻፍ፣ ቦርዱ 3ቪ3 ብቻ አብርቶ ቢቀር ሥራው ይህ ነው፦

1. ዲኤፍዩ (በዩኤስቢ ፈርምዌር የመጫኛ መንገድ) የሚለውን ቁልፍ፣ ወደ ቦርዱ ጠርዝ የሚቀርበውን፣ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ሪሴትን ተጭናችሁ ልቀቁ። 3ቪ3 ከበራ በኋላ ዲኤፍዩን ልቀቁ። 1ቪ8 ጨለማ ሆኖ መቅረት አለበት፤ ከበራ አልገባም፣ ድገሙት።

2. በኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ዝርዝር ላይ 1ኤፍሲ9፡000ሲ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ገመድ ወይም የዊንዶውስ ድራይቨር ነው።

3. «ዲኤፍዩ-ዩቲል» በተባለው ፕሮግራም በ«ዲኤፍዩ» የሚያልቀውን ፋይል አውርዱበት። እዚህ «ቢን» አይሠራም፤ የማስነሻ ኮዱ የሚፈልገው ራስጌ ያለው በዲኤፍዩው ፋይል ላይ ነው።

4. ፕሮግራሙ በመጨረሻ «ሁኔታውን ማንበብ አልቻልኩም» ቢል አትደንግጡ። ቦርዱ ወዲያው አዲሱን ፈርምዌር ጀምሮ ስለሄደ መልስ የሚሰጥ ጠፍቶ ነው። 1ቪ8 ከበራ ተሳክቷል።

5. ሪሴት ሳትጫኑ፣ ሳትነቅሉ፣ «ሃክአርኤፍ ኤስፒአይፍላሽ»ን አስኬዳችሁ የቢኑን ፋይል ወደ ፍላሹ ጻፉ።

አምስተኛው እርምጃ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። በዲኤፍዩ የተጫነው ያረፈው ራም ላይ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል። ኤልኢዲዎቹ ሲበሩ «ዳነ» ብሎ ነቅሎ የሚያስቀምጥ ሰው በማግሥቱ ያንኑ የሞተ ቦርድ ያገኛል።

ናሙና አልመጣ ሲል

በሴኮንድ 20 ሚሊዮን ናሙና ላይ ቦርዱ 40 ሜጋባይት በሴኮንድ ይልካል፤ እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ባይት ነውና። «ሃክአርኤፍ ትራንስፈር»ን የሚቀበለውን እንዲጥል አድርጋችሁ በዚህ ፍጥነት አስኬዱት። ከ40 በጣም ካነሰ የዩኤስቢ ማከፋፈያውን አስወግዱና በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ።

«ለአንድ ሴኮንድ ምንም ባይት አልመጣም» ብሎ ከቆመ ግን ሌላ ነው። ናሙናውን የሚያንቀሳቅሰው ሰዓት የሚመነጨው ከኤስአይ5351 ቺፕ ነው፤ እርሱ ካልሠራ ዩኤስቢው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚልከው ያጣል። «ሃክአርኤፍ ዲበግ» የዚህን ቺፕ መዝገቦች ያነባል። ከአር9 በፊት ባሉ ቦርዶች ላይ መዝገብ 0 በሄክስ 51 ካሳየ የውጭ ሰዓት አልተገኘም፣ 01 ካሳየ የ10 ሜጋኸርዝ የውጭ ሰዓት ገብቷል። የውጭ ሰዓት ሳትሰኩ 51 ማየት ትክክል ነው። ሰክታችሁም 51 ከሆነ ምንጩ 3.3 ቮልት ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ መሆኑን በኦሲሎስኮፕ እዩ።

ኮዱን ራሱ መንካት

ለመገንባት ሲሜክ፣ ጊት፣ የአርም ጂሲሲ ኮምፓይለር፣ ዲኤፍዩ-ዩቲልና የፓይተን ያምል ላይብረሪ ያስፈልጋሉ። ኮዱን ስትቀዱ ሰብሞጁሎቹንም (ኮዱ የሚጠቀምባቸውን የሌሎች ፕሮጀክቶች ኮዶች) አብራችሁ አውርዱ፤ ሊብኦፕንሲኤም3 የተባለው ላይብረሪ ከሌለ ግንባታው ገና ከመነሻው ይቆማል። ኔትወርክ እየተቆራረጠ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ይኸው ነው።

«ፈርምዌር» በተባለው ማኅደር ውስጥ «ኮመን» የየቺፑን ድራይቨር ይዟል፦ ሚክሰሩ አርኤፍኤፍሲ5072፣ ትራንሲቨሩ፣ የሰዓት ቺፑ፣ ፍላሹ። «ሃክአርኤፍ ዩኤስቢ» ደግሞ ከኮምፒውተሩ የሚመጡትን ጥያቄዎች ይመልሳል። አዲስ ጥያቄ የምትጨምሩ ከሆነ በጥያቄዎቹ ሰንጠረዥ መጨረሻ ላይ ብቻ ጨምሩ። የጥያቄው ቁጥር ሰንጠረዡ ውስጥ ያለው ተራ ነው፤ መሐል ላይ አንድ ብታስገቡ ከእርሱ በታች ያሉት ሁሉ ይንሸራተታሉ፣ የፍሪኩዌንሲ ትእዛዝ የሌላ ሥራ ትእዛዝ ሆኖ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ሊብሃክአርኤፍ ላይብረሪ ውስጥ ያለውን ዝርዝርም በዚያው ቁጥር አስተካክሉ፣ የዩኤስቢ ኤፒአይ ቁጥሩንም አሳድጉ።

በጣም ጥንቃቄ የሚሻው በማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ ኤም0 የተባለው ትንሹ ኮር (ፕሮሰሰር) ላይ የሚሮጠው የአሴምብሊ ኮድ ነው። ሥራው ናሙናዎችን በራዲዮውና በ32 ኪሎባይት መጋዘን መሐል ማመላለስ ነው። በአንድ ዙር 32 ባይት ማለትም 16 ናሙና ይይዛል። ኮሩ በ204 ሜጋኸርዝ ስለሚሮጥ፣ በ20 ሚሊዮን ናሙና ለአንድ ዙር ያለው ጊዜ 163 የሰዓት ምት ያህል ብቻ ነው። እዚያ ላይ የምትጨምሩትን እያንዳንዱን መመሪያ ቁጠሩ። መጋዘኑም በ40 ሜጋባይት ፍጥነት በ0.8 ሚሊሰከንድ ይሞላል፤ ስለዚህ ትልቁ ኮር ኤም4 ዩኤስቢውን ከዚያ በላይ ችላ ካለው ናሙና ይፈሳል። የፈሰሰው ቁጥር ይመዘገባል፦ «ሃክአርኤፍ ዲበግ» በትልቁ «ኤስ» አማራጭ የኤም0ን ሁኔታ ያወጣዋል፣ «ሃክአርኤፍ ትራንስፈር»ም በትልቁ «ቢ» እየሠራ ሳለ ያሳያል። ከለውጡ በፊትና በኋላ ሁለቱን ቁጥሮች ያዙ።

የሞከራችሁትን ኮድ በቀጥታ ወደ ፍላሽ አትጻፉ። በዲኤፍዩ በኩል ራም ላይ ጫኑት። ቢንጠለጠል ሪሴት ስትጫኑ ፍላሹ ላይ ያለው ደህናው ፈርምዌር ይመለሳል። ድሮ ይሠራ የነበረ ነገር በአዲስ እትም ከተበላሸም ይኸው መንገድ ያገለግላል፦ ጊት ባይሴክት የተባለው ትእዛዝ ከድሮውና ከአዲሱ እትም መሐል ያሉትን እየመረጠ ይሰጣችኋል፣ እናንተ እየገነባችሁ ራም ላይ ትጭናላችሁ፣ «ደህና» ወይም «መጥፎ» ትላላችሁ። 100 ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ቢኖር ሰባት ሙከራ ይበቃል።

የማሰራጫውን ክፍል የነካ ለውጥ ከሆነ አንቴና አትሰኩ፤ ፈቃድ የሌለው ሥርጭት ሕግ መጣስ ነው። በአንቴናው ፈንታ ኃይሉን የሚውጥ ባለ 50 ኦም ደሚ ሎድ ግጠሙ። ቦርዱ በአንድ ጊዜ ማሰራጨትና መቀበል ስለማይችል ምልክቱን ለማየት ሁለተኛ ተቀባይ ያስፈልጋል። በገመድ የምታገናኟቸው ከሆነ መሐል ላይ የ30 ዲሲቤል ማዳከሚያ ይኑር፦ ቦርዱ እስከ 15 ዲቢኤም ያወጣል፣ 30 ሲቀነስ −15 ይሆናል፣ ሁለተኛውም ሃክአርኤፍ ቢሆን ከ−5 ጣሪያው በ10 ዲሲቤል ዝቅ ይላል።