«በእጅ የተሠራ መሆኑን ያስረዱ» ሲባል የምንፈጽማቸው ስህተቶች

ሽሮ ሜዳ የተሸመነ ቀሚስ በኢንተርኔት ገበያ የሚሸጥ ሰው «በእጅ የተሠራ መሆኑን ያስረዱ» የሚል ጥያቄ ከገበያው ሊመጣበት እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ። ሜሪላንድ ሆኜ የምሸጥበት ሱቅ በዚሁ ጥያቄ 3 ሳምንት ታግዶብኝ ነበር። ቀሚሶቹ በሙሉ ከሸማኔ እጅ የወጡ ናቸው፤ የጎደለው የእኔ ማስረጃ ነበር። መጠየቁን አልቃወምም። ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከቻይና እየመጣ «የሐበሻ ቀሚስ» በሚባልበት ጊዜ፣ ጥያቄው ሸማኔውንም ይጠብቀዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት «እኔ ሠራሁት» ብሎ መጻፍ ነው። ውጭ አገር ከምንሸጠው አብዛኞቻችን ድር አላደራንም፣ መወርወሪያም አልያዝንም። የእጅ ሥራ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ኤትሲ (Etsy) እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ ሻጩ ዕቃውን ራሱ ሠርቶት ይሁን ወይስ ራሱ ነድፎት ሌላ ሰው ሠርቶለት፣ ለይቶ እንዲገልጽ ያደርጋል፤ ሌላ ሰው ከሠራለትም ያንን ወገን ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ጥለቱንና ቅዱን የነደፋችሁት እናንተ ከሆናችሁ ይህንኑ ጻፉ፤ የሸመኑትንም ባለሙያ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አስተዋውቁ። ያለቀለት ቀሚስ ከገበያ ገዝታችሁ ከሆነ ግን ቀሚሱ በእጅ ቢሸመንም የእናንተ የእጅ ሥራ አይደለም፤ በዚያ ስም ልትሸጡት አትችሉም። ይህን መስማት እንደሚያስከፋ አውቃለሁ። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ መስማቱ ግን ይብሳል። እናታችሁ ያስቀመጡት ቀሚስ 20 ዓመት ከሞላው ኤትሲ ላይ ለአሮጌ ዕቃዎች በተለየው ክፍል መሸጥ ይቻላል።

ሁለተኛው ስህተት ያለቀውን ልብስ ብቻ ፎቶ አንሥቶ መላክ ነው። ቆንጆ ልጅ የለበሰችው ቀሚስ ውበቱን እንጂ አሠራሩን አይናገርም። ልቃቂቱን አንሡ፤ ክሩ ቀሰም ላይ ሲጠቀለል አንሡ፤ ሸማኔው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ሲረግጡ፣ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሳታቋርጡ ቅረጹ። ከሁሉ በላይ የሚያሳምነው ግን አንዱን ጥለት ሁለት ጊዜ ማሳየት ነው፤ መጀመሪያ የሸማኔው መሸመኛ ዕቃ ላይ ግማሽ ድረስ ተሸምኖ፣ ቀጥሎ ያው ጥለት ቀሚሱ ላይ ተሰፍቶ። የጥበቡንም ጀርባ ገልብጣችሁ አሳዩ። በእጅ የገባ ክር ከጀርባው መንገዱን ትቶ ይሄዳል፤ የታተመ ጨርቅ ያ የለውም። ከሌላ ሻጭ የቴሌግራም ገጽ የተወሰደ ፎቶ ደግሞ እንዳትልኩ፤ ያው ምስል በሌሎች ሱቆችም ስለሚገኝ እውነተኛውን ማስረጃችሁን ጭምር ያስጠረጥራል።

ማጋነንም ያስጠይቃል። «ክሩ በሙሉ በእጅ የተፈተለ» ብለን እንጽፋለን፤ ዛሬ ግን ማጉ የእጅ ፈትል በሆነበት ልብስ እንኳ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። ስፌቱም በልብስ ስፌት መኪና ነው። ይህ የሸማኔውን ሥራ አያሳንሰውም፤ ልክ እንደሆነው ጻፉት። በፎቶው ላይ የፋብሪካ ክር እየታየ ጽሑፉ ሌላ ከተናገረ ማስረጃውን የሚያየው የገበያው መርማሪ ሁለቱንም አያምንም።

እኔን ያሳገደኝ ደረሰኝ ነው። የክር መግዣዬ ላይ «ጥር 2016» ይላል፤ እንደ ፈረንጆቹ ጥር 2024 መሆኑ ነው። መርማሪው ግን የ8 ዓመት ደረሰኝ አድርጎ አነበበውና ከዕቃው ጋር አይገናኝም ብሎ መለሰው። ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጻፉ፤ የአማርኛውን ደረሰኝ በእንግሊዝኛ ተርጉማችሁ ከዋናው ጋር አያይዙ። መርካቶ ውስጥ ደረሰኝ ሳትቀበሉ የምትገዙ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ተቀበሉ። ለሸማኔውም በጥሬ ገንዘብ ከመስጠት በባንክ መላክ ይሻላል፤ በየወሩ የስንት ቀሚስ ዋጋ እንደከፈላችሁ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

ስማችሁንም አንድ አድርጉት። በመታወቂያው ላይ የአያት ስም አለ፣ በባንኩ የለም፤ አንዱ ፊደል በሁለት መልክ ይጻፋል። ለእኛ ግልጽ የሆነው ነገር ለመርማሪው ሁለት ሰው ነው።

በመጨረሻ፣ ሱቁ ሲታገድ በእህት ወይም በባል ስም አዲስ ሱቅ መክፈት የመጀመሪያውን እስከ ወዲያኛው ሊያስዘጋ ይችላል። በቁጣም አትመልሱ። መልእክቱ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን ተመልከቱ፤ ፎቶው ከሽሮ ሜዳ እስኪመጣ ጊዜ የማይበቃ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ተጨማሪ ጊዜ ጠይቁ። እኔ በሁለተኛው ዙር የላክሁት አንድ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ፣ 6 ፎቶዎችና የተተረጎመ ደረሰኝ ነበር፤ ሱቁ በ4ኛው ቀን ተከፈተ።