የአሮጌ ሞተር ሳይክሌን የዘይት ፍሳሽ እንዴት እንዳስቆምሁት

ከኮምቦልቻ ተነሥቼ የሐረጎን ዳገት በወጣሁ ቁጥር የሞተር ሳይክሌ የግራ ጎን በዘይት ይርስ ነበር። ጋስኬቱን (በሞተሩ ክዳን መጋጠሚያ የሚገባውን ስስ ማሸጊያ) ሁለት ጊዜ ብቀይርም ለውጥ አላየሁም፤ ብሎኖቹን ከልክ በላይ ማጥበቅ ደግሞ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ስለሚልጠው ፈጽሞ አልመክርም። በጉዞ ላይ ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ የራሰው ቦታ የፍሳሹ ምንጭ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የቀዘቀዘውን ሞተር በናፍጣ አጥቤና አድርቄ የሕፃናት ፓውደር ነሰነስሁበት፤ ጥቂት እንደነዳሁትም በነጩ ዱቄት ላይ ከማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ሥር የሚነሣ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ። የደረቀውን ኦይል ሲል (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት) ቀየርሁ፤ ዋናው ምክንያት ግን የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በጭቃ መደፈኑ ነበር፤ በውስጥ የታመቀው ግፊት ዘይቱን በደካማው በኩል ያስወጣዋል። ቱቦውን ካጸዳሁ ወዲህ ደሴ ደርሼ ከሥሩ የማነጥፈው ካርቶን ደረቅ ነው።