የምግብ መኪና ስንት ያስገኛል? ከመግዛትዎ በፊት ያስሉት

በመኪና እየዞሩ ምግብ ለመሸጥ የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡን የሚጀምሩት «በዚህ መንገድ ስንት ሰው ያልፋል?» ብለው ነው። እኔ ግን ከመሸጫው መስኮት ይጀምሩ እላለሁ። መንገዱ በሰው ቢጥለቀለቅም ገቢዎን የሚወስነው በምሳ ሰዓት በዚያ መስኮት የሚወጣው ምግብ ነው።

መጀመሪያ ከአንድ ሳህን ምን እንደሚተርፍ ይወቁ። ምግቡን ሁሉንም ነገር በሚዛን እየመዘኑ ይሥሩት። ሥጋ ሲበስል ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ሊያጣ ይችላል፤ ሽንኩርትም ሲላጥ ይቀንሳል። ስለዚህ በገዙት ኪሎ ሳይሆን ሳህኑ ላይ በሚያርፈው ልክ ያስሉ። ብዙ ምግብ ቤቶች የግብዓት ወጪያቸውን ከመሸጫው ዋጋ 30 በመቶ አካባቢ ለማድረግ ይጥራሉ። ማሸጊያ፣ ሶፍትና ጋዝ ሲጨመር 35 ይሁን። በ100 ከተሸጠው ሳህን 65 ቀረ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቢሸጡም ባይሸጡም የማይቀረውን ወጪ ይደምሩ፦ የረዳት ደሞዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ፈቃድ፣ የቦታ ኪራይ፣ ብድር፣ ለጥገናና አንድ ቀን መኪናውን ለመተካት የሚቀመጥ ገንዘብ። የራስዎን ደሞዝ እዚሁ ያስገቡት። ብዙ ሰው ይህን ይዘለውና ያልተከፈለውን የገዛ ጉልበቱን ትርፍ ይለዋል። ድምሩ በወር 26,000 ነው እንበል። ለ65 ሲካፈል 400 ሳህን ይመጣል። በወር 20 ቀን ከሠሩ፣ በየቀኑ የመጀመሪያዎቹ 20 ሳህኖች ለወጪው ናቸው።

አሁን ሰዓት ይያዙ። ሰው የሚሰለፈው ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው እንበል። አንዱን ደንበኛ ለማስተናገድ 3 ደቂቃ ከፈጀብዎ በ120 ደቂቃ 40 ሳህን ይሸጣሉ፤ ከወጪው በላይ የሚቀረው 20 ነው። በ2 ደቂቃ ከጨረሱ ግን 60 ይሸጡና 40 ይቀርልዎታል። ሽያጩ በግማሽ ሲያድግ ትርፉ እጥፍ ሆነ! ለዚህ ነው ሜኑ አሳጥሩ ብዬ የምወተውተው። ሦስት ወይም አራት ምግብ፣ መከተፍ ያለበት ሁሉ ጠዋት የተከተፈ፣ ገንዘብ የሚቀበለውና ምግብ የሚያቀርበው የተለያዩ ሰዎች። ትኩሱን ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛውን ከ5 በታች መያዝም ግዴታ ነው፤ የተበላሸ ምግብ ሰው ያሳምማል፣ ሥራውንም ይዘጋል።

ሠርግ፣ ልደትና የመሥሪያ ቤት ግብዣ ካገኙ አይለፉት። የእንግዳው ቁጥር አስቀድሞ ስለሚታወቅ ብክነቱ ትንሽ ነው። ቀብድ ሳይቀበሉ ግን ገበያ አይውጡ።

ከትርፉ ላይ ግብር እንዳለ አስበው፣ ዝናብ የሚያስቀረውን ቀንም ቀንሰው ሒሳቡን ይድገሙት።

መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ፈቃድ አውጥተው ያንኑ ምግብ በድንኳን ለጥቂት ቀናት ይሽጡ። አንድ ሰው ከአጠገብዎ ቆሞ እያንዳንዱ ትዕዛዝ የወሰደውን ደቂቃ ይመዝግብ። ከዚያ እኔ 3 ወይም 2 ባልኩበት ቦታ የራስዎን ቁጥር ያስገቡ።